ከግንባር የመጣ አፍንጫ

ጵርስቅላ ላምቤቦ የሞተችው በገዛ አፏ ነው። በሽታው አልገደላትም፤ የሐኪም ቢላም አልገደላትም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ግን ከሞቷ በፊት ፍቅሯን ላውጋችሁ፤ ሰው ያለ ፍቅር ይህን ያህል ቂል አይሆንምና።

ጵርስቅላ ስትወለድ ገላዋም ጠጉሯም ነጭ ነበር። እናቷ አባይነሽም አባቷ አቶ ላምቤቦም ጠይም ናቸው፤ ከዓመታት በኋላ የተወለደችው ታናሽ እህቷ ዓለሚቱም የእናቷን መልክ ቁርጥ አድርጋ ነው የመጣችው። የሆመቾ መንደር ሰው ሕፃኗን አይቶ መጀመሪያ ደነገጠ፣ ቀጥሎ ጸለየላት፣ ኋላ ደግሞ ለምዶ "ፈረንጇ" ይላት ጀመር። ሰው ይለምዳል። ፀሐይ ግን አልለመዳትም። ገና በልጅነቷ አፍንጫዋን ይልጠው፣ ከንፈሯን ይሰነጥቀው ነበር። ሆሳዕና በሚሲዮኑ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆና በተቀጠረችበት በሃያ ሁለት ዓመቷ፣ ጉንጯና የእጇ ጀርባ እንደ አሮጊት ተሸብሽቦ ቡናማ ነጠብጣብ አውጥቶ ነበር። ከእጅጌዋ በላይ ያለው ክንዷ ግን የኮረዳ ክንድ ነው። ገበያ ውስጥ ከኋላዋ "እህት፣ እህት" እያለ የሚከተላት ነጋዴ፣ ዞር ስትል "ይቅርታ እማማ" ብሎ ይመለሳል። እሷም ትስቃለች። ምን ታድርግ?

ማቴዎስ ያልሳቀባት የመጀመሪያው ወንድ ነው። የባላባቱ የአቶ ጠና ልጅ ነው፤ አቶ ላምቤቦ የሚያርሰውም የእነሱን መሬት ነው። በአውራጃው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ደልዳላ ቁመት፣ የለሰለሰ ድምፅ ያለው፣ ከነጭ ሸሚዝ የማይወጣ ሰው። እሁድ እሁድ መዘምራኑ ውስጥ ጵርስቅላ ዓይኗ አላይ ስላላት የመዝሙሩን መጽሐፍ አፍንጫዋ ላይ ለጥፋ ስትዘምር፣ ወጣቱ ሁሉ አፉን ሸፍኖ ይስቃል። እሱ ግን አንድ ቀን ከጸሎት በኋላ ወረቀት አቀበላት። ወረቀቱ ላይ ያለው ፊደል እንደ ሱቅ ሰሌዳ ጽሑፍ የገዘፈ ነበር። እንዳትቸገር ብሎ ነው። በአንድ ገጽ ላይ የሰፈረው ቃል አሥራ አምስት እንኳ አይሞላም፤ ጵርስቅላ ግን ከዚያ በፊት ለእሷ ዓይን ብሎ የጻፈ ሰው ስላላጋጠማት፣ ገና አንብባ ሳትጨርስ ወደደችው።

አቶ ጠና እሳት ሆኑ። የጭሰኛ ልጅ፣ ያውም ነጭ፣ ቤቴን አትረግጥም አሉ። ማቴዎስ ከአባቱ ጋር ምግብ መብላት ተወ፤ ሽማግሌ ሰደደ፤ እናቱን አስለቀሰ። በመጨረሻ ባላባቱ ተሸነፉና የጥሎሹ ከብት ተነድቶ አቶ ላምቤቦ በረት ገባ። በዚያ አገር ደግሞ ከብት ገባ ማለት ነገር አለቀ ማለት ነው። ወንዱ ልጅቱን ቢተዋት ከብቱ ይቀርበታል፤ በሽማግሌ ፊት ስሙ ይጎድፋል፤ ሌላም ቤት ደፍሮ ልጁን አይሰጠውም። የታጨችው ብትሞት ግን ሌላ ነው። ታናሽ እህት ካለቻት እሷ ትተካለች፤ ከብቱም ባለበት ይረጋል። ይህን ሕግ ጵርስቅላም ታውቀዋለች፤ ሁሉም ያውቀዋል። የሌላ ሰው ሕግ ይመስላት ነበር እንጂ።

ሠርጉ ሲቃረብ በአፍንጫዋ ቀኝ በኩል አንድ ቁስል ወጣ። ይደርቃል፣ ይቀረፋል፣ ይደማል፣ እንደገና ይደርቃል። ቅቤ ቀባችው፤ ቅባት ከክሊኒክ አመጣች። ቁስሉ ግን እየሰፋ የአፍንጫዋን ጠርዝ ይበላው ጀመር። ያኔ ወሬው ተነሳ። ሥጋ ደዌ ነው ተባለ። መዘምራኑ ውስጥ ከጎኗ የሚቆሙት ሴቶች አንድ አንድ እያሉ ራቁ፤ ውኃ የጠጣችበትን ጣሳ በአሸዋ ያሹት ጀመር። የሚሲዮኑ ሐኪም አይቷት ሥጋ ደዌ አይደለም፣ ቶሎ አዲስ አበባ ሂጂ አላት። ማቴዎስ አውቶቡስ ድረስ ሸኛት። ሰው እያየው እጇን ያዘና፣ አፍንጫ ኖራት አልኖራት ለእሱ እሷ እሷ እንደሆነች ነገራት። ጵርስቅላ ያን ቃል ይዛ ነው አገር ያቋረጠችው።

ሆስፒታሉ ውስጥ ያያት ሐኪም ሽበታም ፈረንጅ ነበር፤ የሚለውን ወደ አማርኛ የምትመልስላት አስካለች የምትባል ነርስ ናት። በሽታው የቆዳ ካንሰር ነው፤ በነጭ ገላዋ ላይ ፀሐይ ያመጣው ነው፤ ካልተቆረጠ ወደ ዓይኗ ይሄዳል። ከተቆረጠ ደግሞ የአፍንጫዋ ግማሽና ጫፉ አብሮ ይሄዳል። ጵርስቅላ ያለ አፍንጫ ከመኖር ብሞት ይሻለኛል አለች። ሐኪሙ ሁልጊዜ እስከ ቅንድቧ ዝቅ አድርጋ የምታስረውን ሻሿን ገልጦ ግንባሯን አየና ፊቱ በራ። በጣቱ ሳብ፣ ቆንጠጥ አደረገው፤ እንደ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። አስካለች እየተረጎመች ነገረቻት፦ ይህ ግንባር ፀሐይ አላየም፤ ቆዳው ገና ልጅ ነው፤ አዲሱን አፍንጫ የምናወጣው ከዚህ ነው።

ሐኪሙ ያልደበቃት ነገርም ነበር። ያረጀ ቆዳ ላላ ስለሚል ስፌቱ ሽብሽቡ ውስጥ ይሸሸጋል፤ ያልተነካ ቆዳ ግን ውጥር ነውና ጠባሳው ይጮኻል። ግንባሯ ላይ ቁልቁል የወረደ መስመር ይቀራል። አፍንጫዋም ከጉንጮቿ ጋር እኩያ አይሆንም፤ በስልሳ ዓመት ፊት ላይ የሃያ ዓመት አፍንጫ ይቀመጣል። ፈረንጁ ይህን ያለው ለማጽናናት ነበር። ጵርስቅላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች፤ ፊቷ የስልሳ ዓመት እንደሆነ በቁጥር የነገራት ሰው አልነበረማ።

መጀመሪያ ካንሰሩን ቆርጠው አወጡት። ንጹሕ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ግንባሯን ከፍተው፣ አንድ ቁራጭ ቆዳ ከሥሩ ሳይበጥሱ ቁልቁል ገልብጠው፣ በተቆረጠው ላይ ሰፉት። ሥሩ በቅንድቦቿ መካከል ተጠማዞ እንደ ጠፍር ተንጠለጠለ። አዲሱ አፍንጫ የራሱን ደም እስኪያገኝ ሦስት ሳምንት ያህል እንዲሁ ተንጠልጥሎ መቆየት አለበት፤ ቶሎ ከቆረጡት ይሞታል። ጠጉሯ ከፊት ተላጭቷል፤ ራሷ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ዓይኗ ከማበጡ የተነሳ በስንጥቅ ነው የምታየው፤ አፍንጫዋ በጨርቅ ስለተደፈነ ድምፇ የሌላ ሰው ድምፅ ሆኗል። ከጎኗ የተኛችው ሴትዮ ምግብ ስትበላ ጀርባዋን ሰጥታት ነበር። ጵርስቅላ ይህን ሁሉ የቻለችው አውቶቡሱ ሥር የተነገራትን ቃል እያመነዠከች ነው።

እሱም መጣ። አልቀረም።

የጠያቂ ሰዓት ነበር። በበሩ ሲገባ ዓይኗ ባይለየውም በአረማመዱ አወቀችው። ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበችና ጠበቀች። አልጋ አልጋውን እያየ መጣ፤ በክንዱ ሥር በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ይዟል። እሷ አልጋ ዘንድ ሲደርስ ቆመ። ያንን የተንጠለጠለ ሥጋ አየ፤ ፋሻውን አየ፤ እንደገና ያንን ሥጋ አየ። ጵርስቅላ ስሟን እስኪጠራት ትንፋሿን ዋጠች። አንድ ጊዜ "ጵርስቅላ" ቢላት በቃት ነበር፤ ሌላ ምንም አልፈለገችም።

"ጵርስቅላ ላምቤቦ የምትባል ታማሚ፣ ከሆሳዕና የመጣች፣ የት እንደተኛች ታውቂያለሽ?" አላት።

ሰው የሚወደውን ሰው በአፍንጫው ነው እንዴ የሚያውቀው? ዓይኗ የት ሄደ? በዚያች ቅጽበት ውስጧ አንድ ነገር ብጥስ አለ። እልህ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እሷም እንደ እንግዳ ሰማችው።

"ሞተች" አለችው።

ከዚያም እንዴት እንደሚሆን ልታይ በዓይኗ ስንጥቅ አተኩራ ጠበቀች። ይወድቃል፣ ይጮኻል፣ አልጋዋን ይዞ ይንቀጠቀጣል ብላ ነበር። የማቴዎስ ትከሻ ግን ቀስ ብሎ ወረደ፤ ከወፍጮ ቤት የመጣ ሰው ሸክሙን ደጃፉ ላይ ሲያወርድ ትከሻው እንደሚወርደው። ከዚያ በኋላ ነው እጁን ወደ ዓይኑ የወሰደው። መቼ ብሎ ጠየቃት፤ ባለፈው ሳምንት አለችው። የት ተቀበረች ብሎ አልጠየቀም። የያዘውን ቋጠሮ አልጋዋ ጫፍ ላይ አኖረና፣ ለእሷ ያመጣሁት ዳቦ ነው፣ አንቺ ብዪው አላት። "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎም ሄደ።

አስካለች መድኃኒት ይዛ ስትመጣ ጵርስቅላ የሆነውን ነገረቻት። ነርሷ እጇን በአፏ ጭና ቀረች። ከበሩ አልራቀም፣ ሮጬ ልጥራው ብላ ተነሳች። ጵርስቅላ የቀሚሷን ጫፍ ይዛ አስቀረቻት።

"ተዪው" አለች። "ያልቅስልኝ። ከዚያ በኋላ በአፍንጫዬ እመጣለታለሁ።"

ይኸው ነው እንግዲህ፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር። ሌሊት ሌሊት የምታልመው ይህን ነበር፦ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰው ሁሉ ቆሞ እሷ በበሩ ስትገባ፣ ማቴዎስ ከመቀመጫው ሲወድቅ፣ አዲሱን አፍንጫዋን በእንባ ሲያጥበው። የወረደው ትከሻው ትዝ ሲላት ዓይኔ አብጦ ነው እንጂ እንዲያ አልሆነም ትላለች። እናቷ ትዝ ስትላት ደግሞ፣ ታልቅስ፣ ኋላ የምትደሰተው ይበልጣል ትላለች። ፍቅር የያዘው ሰው በእናቱ እንባ መቀለዱን ራሱም አያውቀው።

ሥሩ ሲቆረጥ መልካም ሆነ፤ ግን ጫፉ ወፈረና እንደገና ሊያቀጥኑት ጊዜ ወሰደ። ሁለት ወር ከምናምን አለፈ። በመጨረሻ አስካለች መስታወት ሰጠቻት። ጵርስቅላ መስታወቱን ዓይኗ ድረስ አስጠግታ አየች። ለስላሳ፣ ያልተነካ፣ ቀጥ ያለ የኮረዳ አፍንጫ ነው። ዙሪያውን ስፌቱ ቀጭን ክር ሆኖ ይታያል፤ ከዚያ ወዲያ ያ የተሸበሸበ ጉንጯ ይቀጥላል። ሐኪሙ ባርኔጣ እንዳይለያት አደራ ብሎ እጇን ጨበጣት። በሕይወቷ እንደዚያን ቀን ቆንጆ የሆነች መስሏት አያውቅም።

ሆመቾ የደረሰችው ከሰዓት በኋላ ነው። እናቷ ጓሮ እንሰት ትፍቅ ነበር። ባርኔጣ ያደረገች ነጭ ሴት በእንሰቱ መካከል ስትመጣ አይታ መፋቂያውን ጣለች፤ መጮህም አቃታት፤ እንዲሁ ባለችበት ዝርግት አለች። ጵርስቅላ አቅፋ አነሳቻት። እናት ፊቷን ዳሰሰች፣ ጠባሳውን ዳሰሰች፣ አዲሱን አፍንጫ ዳሰሰችና በሃዲይኛ አንድ ቃል ብላ ታለቅስ ጀመር። ጵርስቅላም አለቀሰች፤ የእሷ ግን የደስታ ነበር። ዓለሚቱስ የት ናት አለች፤ ማቴዎስስ እንዴት ሆነ አለች።

 አባቷ ከቤት ወጥቶ በሩ ላይ ቆሟል፤ ከብቶቹን እንጂ እሷን አያይም።

አባይነሽ ቁጭ ብላ ነገረቻት። ማቴዎስ መርዶውን ራሱ ነው ያመጣው። አለቀስንልሽ፤ ድንኳን ተጣለ፤ ሆስፒታሉ ሬሳ አልሰጥም ስላለ ማቴዎስ በገዛ እጁ አፈር እንዳለበሰሽ ምሎ ነገረን። ከዚያ የአቶ ጠና ሽማግሌዎች መጡ። ከብቱ እዚህ ነው፤ መሬቱ የእነሱ ነው፤ እህት በእህት ትተካለች አሉ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ይህ የአሕዛብ ልማድ ነው ብለው ትንሽ አጉረመረሙና፣ የባላባት ጉዳይ ሲሆንባቸው ጆሯቸው ደነቆረ። ዓለሚቱ ከተሰጠች ወሯ ነው።

ጵርስቅላ ከዚህ ሁሉ የሰማችው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"አፈር? የቱን አፈር?"

 መልሱንም ራሷ አዘጋጀች፦ እናቴ እንድትጽናና ብሎ ነው። ሬሳ ሳያይ ሞተች ብሎ መምጣቱ አሳፍሮት ነው። አባቱ አስገድደውት ነው። ሆሳዕና እስክትደርስ ድረስ ይቅርታውን ራሷ አብስላ ጨርሳ ነበር።

ማቴዎስ ከአባቱ ግቢ ዳር በተሠራለት አዲስ የቆርቆሮ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጦ ነበር። አያት። አልጮኸም፤ አልተነሳም። ባርኔጣዋን እስክታወርድ ጠብቆ ፊቷን ትክ ብሎ ተመለከተ።

"አፍንጫሽ አምሮበታል" አላት።

"አልደነገጥክም።"

"ለምን እደነግጣለሁ? በሕይወት እንዳለሽ አውቃለሁ።"

ጵርስቅላ የበረንዳውን ቋሚ ያዘች። እሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደዚያ ድሮ እንደሚያለሳልሰው አለሳልሶ ተናገረ።

"በዚያ ክፍል ውስጥ ሽፋሽፍቷ ነጭ የሆነ ሌላ ማን ነበረች? ከበሩ ነው ያወቅሁሽ።"

"ታዲያ ለምን ጠየቅከኝ?"

"ስምሽን ብጠራው አቤት ትይኛለሽ። አቤት ካልሽኝ ደግሞ ያን ፊት ይዤ መኖሬ ነው። አልቻልኩም፤ እግሬ ወደ በሩ ሄዶብኝ ነበር። የማላውቅሽ መስዬ ልውጣ ብዬ ነው የጠየቅሁሽ። ጥዬሽ ብሄድ ከብቱም ይቀርብኛል፣ ስሜም ይጎድፋል። አንቺ ግን ሞተች አልሽኝ።" ዓይኑን ወደ ደጁ መለሰ። "ከልቤ ነው ያመሰገንኩሽ።"

ክፉ ሰው አልነበረም ብል ትታዘቡኛላችሁ። ግን አባቱን የተጣላላት፣ ለዓይኗ ብሎ ፊደል ያገዘፈላት ሰው ያው እሱ ነው። ፍቅሩ ልክ ነበረው፤ ልኩ ያ አልጋ ነበር። ጵርስቅላም ይህ እዚያው እንደቆመች ገባት፤ ሲገባት ደግሞ የሚያስገርም ነው፣ እንደ ጠበቀችው አላመማትም። የሚያመው ከኋላ መጣ።

ዓለሚቱ በሩ ላይ ቆማለች። ያገባች ሴት ሻሽ አስረዋታል፤ በእጇ ለባሏ ያመጣችው ውኃ አለ። ከሙታን ወደ ተነሳችው እህቷ አልሮጠችም። መቼ እንደመጣች ማንም አላያትም እንጂ ሁሉንም ሰምታለች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ጵርስቅላ በደመወዟ የምታስተምራት፣ በዚያ ዓመት ለስምንተኛ ክፍል ፈተና ልትቀመጥ የነበረች፣ ነርስ እሆናለሁ እያለች አሻንጉሊቷን በጨርቅ ስትጠቀልል ያደገች ልጅ ናት።

"እትዬ፣ ሞተች ያልሽው ራስሽ ነሽ?"

ጵርስቅላ ልትዋሽ ፈለገች፤ ውሸት ግን አልመጣላትም።

"ይወደኝ እንደሆን ልየው ብዬ ነው" አለች።

ዓለሚቱ የእህቷን ፊት አየች። አዲሱን አፍንጫ፣ ግንባሯ ላይ የወረደውን መስመር፣ ያረጀውን ጉንጯን ሁሉ አንድ በአንድ አየች። አላለቀሰችም። ለቅሶዋን ወር ሙሉ አልቅሳ ጨርሳዋለች።

"አንቺ ሞትኩ አልሽ፤ የቀበሩት ግን እኔን ነው" አለች።

ጵርስቅላ እጇን ዘርግታ ወደ እሷ ሄደች። ዓለሚቱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች፤ የያዘችው ውኃ ተንቦጫርቆ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። ያኔ ማቴዎስ ከመቀመጫው ሳይነሳ፣ በዚያ በለሰለሰ ድምፁ፣ ዓለሚቱ ግቢ አላት።

"እሺ" አለች ልጅቷ።

ገባችም። በሩንም ከውስጥ ዘጋችው። ጵርስቅላ ያንን "እሺ" ሰምታ የተዘጋውን በር እያየች ቀረች። እህቷ በልጅነቷ ውኃ ቅጂ ሲሏት የምትከራከር፣ እንቢ ስትል ጎረቤት የሚሰማት ልጅ ነበረች። እንዲህ ያለ "እሺ" ከማን ተማረች? ጵርስቅላ ደጁ ላይ ተቀምጣ ዓለሚቱ፣ ዓለሚቱ እያለች ተጣራች። ከውስጥ ዕቃ ሲነሳና ሲቀመጥ ይሰማል፤ ልጅቷ ለባሏ ሌላ ውኃ እየቀዳች ነው። አቤት የሚላት ግን አልነበረም።